የካልኩለስ ተከራዬ

ይትባረክ መሞቱን የሰማሁት መንገድ ላይ፣ አምበር ከተማ ነው፤ ከተቀበረ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ። ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ክሪኩን እያሽከረከረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ሐጂ፣ እኚያ የማርቆሱ የሒሳብ መምህር አረፉ እኮ" አለኝ። የትኛው አላልኩትም። ማርቆስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ሞልቷል፤ እኔ የማውቀው ግን አንድ ነው። "ሕመሙ ጸንቶባቸው ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እኔ ምን አውቄ፤ የቀብራቸው ሰው መንገድ ዘግቶብኝ ነው የሰማሁት" አለና ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ቁርአን ቤት ትንሽ፣ ገበያ ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። ይሁንና በመላው ጎጃም ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ የካልኩለስ ፈተና ያዘጋጀ አቡጀዴ ሻጭ ቢፈለግ፣ ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ይትባረክ በሕይወት እያለ ይህን ለሰው ስናገር ያፍርብኝ ነበር። አሁን የሚያፍር የለም፤ ልናገር።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነበር፤ እንደሚያበቃ ግን የነገረን የለም። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማስተማር ግዴታው ነው። ለይትባረክ ሞጣ ደረሰው፤ መጥቶም ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚከተለው ሰው ያለ ይመስል ዞር ዞር እያለ የሚሄድ ወጣት ነበር። ጠዋት በሩን ቆልፎ ይወጣል፤ ከመንገድ ተመልሶ መቆለፉን ያያል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል። የተቆለፈበት ንብረት አንድ ካፖርት፣ አንድ ጋቢና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው።

"ምንህን ይሰርቁኛል ብለህ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"መጽሐፉን።"

"ሞጣ ውስጥ ያንን መጽሐፍ የሚሰርቅ ሌባ ከተገኘ ፖሊስ ጣቢያ አልወስደውም፤ ትምህርት ሚኒስቴር ነው የምወስደው።"

አልሳቀም። ሄዶ ቁልፉን ነካ አድርጎ ተመለሰ።

ባለቤቴ ዘይነብ በመጀመሪያው ሳምንት ሥርዓቱን አበጀችው፤ ሥጋ የሆነ ቀን ለየብቻ፣ ሽሮ የሆነ ቀን አንድ ላይ። ሽሮ ስለሚበዛ ዓመቱን ሙሉ አብረን በላን ማለት ይቻላል። ጉዱን መጀመሪያ ያየችውም እሷ ናት።

"ያ ተከራይህ ባሕር ዛፉ ሥር ተከናንቦ ያጉረመርማል" አለችኝ። "ከሰው ጋር ነው የሚያወራው ወይስ ከሌላ ነገር?"

ሄድኩ። እውነትም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው፣ ጋሼ ይማም።"

"ምኑን?"

"ካልኩለስ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ይትባረክ የቢቸና አካባቢ ቄስ ልጅ ነው። አስኳላ ከመግባቱ በፊት ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ከሰው ይርቃል፤ ይከናነባል፤ ቃሉን በሆዱ ያወጣል፣ ያወርዳል። ሲያልቅለት ተነሥቶ ለየኔታ ያለቀለትን ብቻ ይነግራል። መንገዱን አይነግርም። የጣለውን፣ ያነሣውን፣ ያበላሸውን ማሳየት ነውር ነው፤ ያልተጠረገ ጓዳ ለእንግዳ እንደመክፈት።

ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ያደረገው ይህንኑ ነው። ካልኩለስ የሚሉት ሒሳብ፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ነገር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚለካበት ነው። አንድ ነገር ብቻ የሚለዋወጥበትን ቀደም ብሎ ተምሮ አልፏል። የጣለው ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ የሚለዋወጥበት ነው። አምስት ጥያቄ ተሰጠው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ፤ አምስት መልስ ጻፈ። የቀረው ወረቀት ነጭ። አራቱ መልሶች ልክ ነበሩ። ፈረንጁ መምህር አስጠርቶ፣ "ከየት አመጣኸው?" ቢለው፣ "ከራሴ" አለ። ፈረንጁ ግን አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ የገለበጠ መሰለው። ዜሮ ሰጠው። ለምኖ፣ አስለምኖ፣ አንድ ዕድል ተፈቀደለት። የሞጣውን ዓመት ሲጨርስ፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ እንደገና ይፈተናል። ከወደቀ ይባረራል።

"ብባረር የት እገባለሁ?" አለኝ። "አባቴ አስኳላ ስገባ 'ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም' ብሎኛል። ቢቸና ስመለስ ምን ተብዬ ልጠራ ነው? መሪጌታ አልሆን፣ ምሩቅ አልሆን።"

እኔም ለማጽናናት ያህል፣ "ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ የሚለዋወጥበት ከሆነማ ይኼ ንግድ ነው" አልኩት። "ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ፆሙ፣ ሠርጉ፤ ሁሉም ያቡጀዴ ዋጋ ላይ ይረባረባል።"

"ልክ ነዎት። እኛ ግን አንዱን ብቻ እያንቀሳቀስን ሌላውን እንዳለ እንይዘዋለን።"

"ማን ይይዝላችኋል?"

ትንሽ አሰበና፣ "ማንም" አለ። ከመጣ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳላውቀው ሥራ የገባሁትም ያን ቀን ነው።

ቅኔ ሰሚ ይፈልጋል፤ ካልኩለሱም ሰሚ ይፈልጋል አለ። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ብጠቁመው፣ "እሳቸው ታሪክ ነው ያጠኑት፤ ደግሞም ይስቁብኛል" አለኝ። እኔ አልስቅም ማለቱ ይሁን፣ ብስቅም ችግር የለውም ማለቱ ይሁን አልገባኝም። ብቻ በየቀኑ ገበያው ሲቀዛቀዝ፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ እኔ የጨርቅ ጣቃው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ባንኮኒው ማዶ ቆሞ ያወጣውን ይነግረኛል። "መልሱ ሠላሳ ሁለት በሦስት ነው" ይላል። "ይሁን" እላለሁ። "መልሱ ዜሮ ነው" ይላል። "ምነው ያን ያህል ለፍተህ?" እላለሁ።

የሚለው አንዱም አይገባኝም። ግን ያኔም ሃያ ዓመት ሰው ሳይ ኖሬያለሁ። ሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ሲናገር እጁ አንድ ነገር ይፈልጋል። ደላላ አፍንጫውን ይነካል፤ የበቅሎ ሻጭ የበቅሎዋን ጋማ ይደባብሳል። የይትባረክ እጅ የሚሄደው ወደ ማተቡ ነበር። አንድ ቀን መልሱን ሲነግረኝ ክሩን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ።

"ይኼ ልክ አይደለም" አልኩት።

"እንዴት አወቁ?"

"አላወቅሁም። አንተ ነህ ያወቅኸው።"

ሄዶ ተከናነበ። ማታ ለእራት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል፤ መልሱ ስህተት ነበር።

በዚህ ብቻ ቢሆን ግን አይረባንም ነበር። ያዳነን፣ ወይም ያዳነን የመሰለን፣ የአንዲት ሴት ነገር ነው። ለሠርግ አቡጀዴ ልትገዛ ከገጠር መጣች። ጠዋት ሥራ ፈትቼ ስለነበር ስምንት ስምንት ክንድ አድርጌ ቆርጬ ደርድሬያለሁ። አንዱን አነሣሁላት። "ስምንት ክንድ ነው፣ እናቴ፤ እመኚኝ" አልኳት። ገለበጠችው፣ አየችው፣ መለሰችው። "ሌላ ቦታ ልይ" ብላ ማዶ ጎረቤቴ ዘንድ ተሻገረች። ጎረቤቴን ሞጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲለካ ጨርቁን እየወጠረ ነው። ነገር ግን ፊቷ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ለካላት። ከእኔ ጨርቅ አንድ ስንዝር የጎደለውን ገዝታ መርቃው ሄደች።

ይትባረክ ባንኮኒው ላይ እጁን እንዳሳረፈ ቆይቶ፣ "የእርስዎ ይበልጥ ነበር" አለኝ።

"አዎ።"

"ለምን አልወሰደችውም?"

"ሲለካ አላየችማ። እኔም ደግሞ 'እመኚኝ' አልኳት። ገበያ ላይ 'እመኚኝ' የሚል ሰው አይታመንም።"

"ፈረንጁም ክንዴን ማየት ነው የፈለገው" አለ። ደስ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ፈራ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቅ የተባለውን አሁን በሁለት ወር ሊያሳይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን መስመር ይጽፋል፤ የእኔ ሥራ በየመስመሩ ጣቴን እያሳረፍኩ "ይቺ ከየት መጣች?" ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ያልበው ነበር። "ከላይኛዋ" ይላል። "ላይኛዋስ?" "ጋሼ፣ ይኼማ ግልጽ ነው!" "ለእኔ ግልጽ አይደለም። ለፈረንጁም ግልጽ ቢሆን ዜሮ ባልሰጠህ።" ይጽፋታል። አንዳንዴ እኔም እጠቅማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ዳገትም ቁልቁለትም ያልሆነ ነጥብ አለ አለና ሥዕሉን ቢስለው፣ ኮርቻ ነው። "ወደ በቅሎዋ ጆሮ ስታይ ከፍ ይላል፣ ወደ እግሮችህ ስታይ ዝቅ ይላል፤ ምን ያስጨንቃል?" አልኩት። "እሱን በመስመር ማሳየት ነው የሚያስጨንቀው" አለ። አሳየ። አሥራ አንድ መስመር ፈጀበት፤ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቅሁ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሲወርድ እሱ ጣራውን ሳይሆን መንገዱን ነው የሚያስበው። የአዲስ አበባ መኪና የሚገኘው ቢቸና ነው፤ ከሞጣ እስከዚያ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው፤ ክረምት መኪና አይገባም። ወንዙ ቢሞላስ? በቅሎዋ ብትንሸራተትስ? መጽሐፉ ቢረጥብስ? ከፈተናው ሃያ ቀን አስቀድሞ ልነሣ አለ። "ሃያ ቀን አዲስ አበባ ምን ትበላለህ?" ብለው፣ "አልበላም" አለኝ፤ የሚያደርገውም ይመስላል። በአሥራ ሁለት ቀን ተስማማን። እስከ መጀመሪያው ወንዝ ሸኘሁት። ውሃው ደፍርሶ እስከ በቅሎዋ ሆድ ይደርሳል። መጽሐፉን ራሱ ላይ አስሮ ገባ። ማዶ ወጥቶ እጁን ያነሣል ብዬ ስጠብቅ ተመልሶ መጣ።

"ምነው?"

"በሩን ቆልፌዋለሁ?"

"ቆልፈኸዋል።"

"አይተዋል?"

"አይቻለሁ። ሂድ።"

አላየሁም ነበር።

ነሐሴ አለቀ፤ ዘመን ተለወጠ፤ መስቀል አለፈ። ወሬ የለም። ውጤቱ ከመስቀል በኋላ እንደሚለጠፍ፣ ምዝገባው ጥቅምት መግቢያ ላይ እንደሚዘጋ መቶ ጊዜ ነግሮኛልና ቀኑን እኔም እየቆጠርኩ ነው። ዘይነብ፣ "አንተ ነህ እንዴ የተፈተንከው?" ትለኛለች። ከዚያ ከቢቸና የመጣ የቅባኑግ ነጋዴ ሱቄ ገብቶ፣ "ያን መምህርህን ቅኔ ቤት አየሁት" አለኝ። "ከጳጉሜ ጀምሮ ዛፍ ሥር ነው ያለው ይላሉ። ከሰው አይነጋገርም።"

በማግስቱ በቅሎዬን ጫንኩ። ምዝገባው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ሁለቱን መንገድ በላው።

ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገብ አገኘሁት። ተከናንቦ ቁጢጥ ብሏል። ሲያየኝ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ መልሶ ተቀመጠ።

"ውጤቱን አየኸው?"

"ምን አያለሁ። በፈተናው ማግስት ወጣሁ።"

"ሳታይ?"

"ጋሼ ይማም፣ ያኔ አምስቱንም መልሼ ዜሮ ሰጠኝ። አሁን ሦስቱን ነው የጨረስኩት። አራተኛው ግማሽ ላይ ቀረ፤ አምስተኛው ሁለት መስመር ነው። ምን ሊሰጠኝ ነው?" ድምፁ ዝግ አለ። "ሰዓቱን የበላብኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር 'ይቺ ከየት መጣች' ይሉኛል። እጽፋለሁ። እጽፋለሁ። ደወሉ ተደወለ።"

ነጋዴ በሕይወቱ ብዙ ይሰደባል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። እውነት ሊሆን ይችላላ። ፈረንጅ እንዴት እንደሚያርም እኔ ምን አውቃለሁ? ከአንዲት ሴት ተነሥቼ ነው የሰውን ልጅ ዕድሜ የቆረጥኩት። ከዛፉ ወዲያ መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጤፍ ይጭናል፤ ሹፌሩን ሳልፍ ጠይቄዋለሁ፤ ጭነቱ እንዳለቀ በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መቼ ሌላ መኪና እንደሚገኝ አላህ ያውቃል።

"ወድቄያለሁ አልክ" አልኩት። "ከየት መጣ?"

"ምኑ?"

"መውደቁ። የጻፍከውን አሳየኝ።"

እንጨት ሰጠሁት። እንቢ አለ። "ያለዚያ አልሄድም፤ እዚህ ቅኔ ቤት እገባለሁ፤ የኔታ ሙስሊም ከተቀበሉ" አልኩት። እንጨቱን ተቀበለኝ። እርጥቡ መሬት ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ጳጉሜን በሙሉ ሲደግመው ነበር መሰለኝ አንዲት ምልክት አልጠፋችበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ፤ በየመስመሩ ጠየቅሁት፤ በየመስመሩ መለሰ። ሁለተኛው፤ እንዲሁ። ሦስተኛው፤ እንዲሁ። ድምፁ እየጠነከረ መጣ። አራተኛው ላይ ስንደርስ መኪናው ላይ የቀሩት ከረጢቶች አራት ወይም አምስት ናቸው።

አራተኛው ሰባት መስመር ነበር። አምስተኛዋን ሲጽፍ ግራ እጁ ተነሥቶ ማተቡን ያዘ።

አየሁት። እሱም ጣቴ የምታርፍበትን ይጠብቃል። እኔ ግን ወደ መኪናው ዞርኩ። "ጭነው ሊጨርሱ ነው" አልኩ፤ ጣቴን ስድስተኛዋ መስመር ላይ አሳርፌ፣ "ይቺስ ከየት መጣች?" አልኩት።

"ከላይኛዋ" አለ።

"ሰባተኛዋስ?"

"ከስድስተኛዋ።"

"እንግዲህ ሁሉም ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የጎደለው መጨረሻው ነው። መጨረሻው ብቻ ይበቃል ያልከው አንተ ነበርክ እንጂ ፈረንጁ አልነበረም። ሂድና ሰሌዳውን እይ።"

ተነሣ። ጋቢውን አራገፈ። መኪናው ላይ ሲወጣ ገርጥቶ ነበር፤ ከረጢቶቹ መሃል ተቀመጠና ፊቱን ወደ ደጀን አዞረ። አልተሰናበትንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሹፌር እጅ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ፤ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ አነበበልኝ። "ጋሼ ይማም፣ አልፌያለሁ። ለጥቂት ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረስኩ። የክፍሉን ቁልፍ ይዤው መጥቻለሁና ይቅርታ፣ በሩን ይስበሩት።" ዘይነብ እልል አለች። እኔ የሱቄን መጋረጃ ጋርጄ ለማንም ሳልሸጥ ዋልኩ። በኔ ንግድ ጨርቁን አሳምሮ ለክቶ ሳይሰጥ የሚሄድ ሰው ሌባ ነው የሚባለው፤ ፈረንጁ ዘንድ ግን መጨረሻው ቢቀርም ያሳልፋሉ።

ተመረቀ፤ ማርቆስ ላይ መምህር ሆነ፤ ዕድሜ ልኩን አስተማረ። ጭንቀቱ አልተወውም። ፈተና በሚፈትንበት ቀን ከተማሪዎቹ ይልቅ እሱ እንደማይበላ ሚስቱ ነግራኛለች። የዛሬ ዓመት ዓይኔን ለመታየት ማርቆስ ሄጄ ቤቱ ገባሁ። አልጋ ላይ ነበር። ስለ ዘይነብ ቀብር፣ ስለ ሞጣ አዲሱ መንገድ፣ ስለ ልጆች አወራን። ከዚያ ሚስቱ ወጣ ስትል፣

"ጋሼ ይማም" አለኝ፣ "ያን ቀን ቢቸና አንድ መስመር ዘለሉብኝ።"

ሃምሳ ዓመት የሆነው ነገር ነው።

"አዎ" አልኩት።

"አውቀው ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ስህተት ነበረች" አለ። "ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። እዚያው እቀር ነበር።"

"ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?"

"እርስዎስ?"

ውጭ አንድ ሰው ውሃ ይቀዳል። እንደ ኑዛዜ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪ ሰሌዳ ላይ አቁሞ ሲጠይቅ፣ የልጁ እጅ አንገቱን ወይም ጆሮውን ፍለጋ ከሄደ፣ እሱ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ሲመለስ የሚቀጥለውን መስመር ነው የሚጠይቀው። ሁልጊዜ አይደለም፤ ካልተሻገረ የሚቀር ለመሰለው ልጅ ብቻ።

"ስንት ይሆናሉ?" አልኩት።

"አልቆጠርኩም። ብዙዎቹ መሐንዲስ ሆነዋል" አለ፤ ደስ ብሎታል።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የተሳፈርኩበት መኪና ድልድይ ላይ ሲደርስ፣ የሠራው ከነዚያ ልጆች አንዱ ቢሆንስ እያልኩ፣ ዓይኔን መክደን አቃተኝ።